የእንግሊዝኛ አንቱ

የእኛ ፊደል ምን ያህል ጨዋ እንደሆነ የገባኝ የእንግሊዞቹ ፊደል ካዋረደኝ በኋላ ነው። «በ» በግ ሲጻፍባትም «በ» ናት፣ በላይ የሚባል የተከበረ ሰው ስም ሲጻፍባትም ያችው «በ» ናት። ቁመት አትጨምር፣ ቆብ አትደፋ። የዐረቡም እንዲሁ ነው፤ አሊፍ ለሱልጣኑም ለሽንኩርቱም እኩል ቀጥ ብላ ትቆማለች። ታዲያ በእነዚህ በሁለቱ መሀል ካርቱም ላይ የሚኖር ሰው፣ አንዱ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ሁለት መልክ ያለው ቋንቋ ሲገጥመው ምን ያድርግ? ልባም ቢሆን የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል። እኔ ግን አስተማርኩ።

ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር ሞባይል እጠግናለሁ። ሱቄ ከሐበሻ ሻይ ቤት ጎን የተለጠፈች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ትከሻውን ብቻ የሚያስገባባት ናት። ከጥገናው ሌላ፣ ሰዎች የማይገባቸው መልእክት ሲመጣባቸው አነብላቸዋለሁ፤ ሲቸግራቸውም መልሱን እጽፍላቸዋለሁ። በዚህ የተነሳ ስሜ ቀረና «ኡስታዝ»፣ መምህሩ፣ ተባልኩ። መጀመሪያ ሲሉኝ አፍር ነበር፤ ቆይቶ ለመድኩት፤ ቆይቶ ደግሞ አንድ ሰው በስሜ ሲጠራኝ ቅር ይለኝ ጀመር። እንግሊዝኛውን ከየት እንዳመጣሁት የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝ ኖሮ ግማሹ ከትምህርት ቤት፣ ግማሹ ከባትሪ ካርቶን ላይ ነው። ካርቶን ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር በትልቁ ፊደል ነው የሚጻፈው። ይቺን ልብ በሉልኝ፤ ጥፋቴን ለማቅለል ከእሷ ሌላ ማመካኛ የለኝም።

አሁን ሰዓዳን ላስተዋውቃችሁ። ሰዓዳ የወሎ ልጅ ናት፤ ጀብራ ሰፈር አንዲት ሴት ሐኪም መኖሪያ ቤት በሠራተኝነት ተቀጥራለች፣ እዚያው ታድራለች፣ ዓርብ ዓርብ ዕረፍቷ ስለሆነ ዴም ብቅ ትላለች። አሠሪዋን «ዶክቶራ» ነው የምትላት። ዶክቶራ ሱዳናዊት ብትሆንም ያደገችው እንግሊዝ አገር ነው። ዐረብኛውን ታወራዋለች፤ መጻፍ ሲመጣ ግን እጇ ወደ እንግሊዝኛው ይሄድባታል። ሰዓዳ በበኩሏ የቤት ዐረብኛዋ ውኃ ነው፤ ፊደሉን ግን አልቆጠረችም። ስለዚህ ሁለቱ ፊት ለፊት ሲሆኑ በዐረብኛ ይነጋገራሉ፣ ዶክቶራ ሆስፒታል ስትውል ደግሞ በዋትሳፕ በእንግሊዝኛ ይጻጻፋሉ። በድምፅ እንዳትልክላት፣ ዶክቶራ በሽተኛ ፊት ስልክ ጆሮዋ ላይ መለጠፍ አይሆንላትም።

ዶክቶራ ደግ ሴት ናት። የሰዓዳን ኢቃማ ራሷ ይዛት ሄዳ ልታሳድስላት ቃል ገብታላታለች። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ካርቱም ላይ ኢቃማ የሌለው ሐበሻ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ፣ ፖሊስ «ከሻ» ወጣ በተባለ ቁጥር እንዳይታፈስ መጸዳጃ ቤት ቆልፎ ቁጭ ብሎ የሚጸልይ ሰው ነው። እንግዲህ የሰዓዳ ሥራ ሥራ ብቻ አልነበረም። ጣሪያዋም ነበር፣ መንገድ ላይ ቀና ብላ የምትሄድበትም ነበር። ይህን ሁሉ ነው እኔ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ በፊደል ልንደው የደረስኩት።

ነገሩ የጀመረው አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰዓዳ መጣች፤ ትምህርት ቤት ተምራው የረሳችው ነገር አለ፣ ትልቁ ፊደል መቼ መቼ ነው የሚገባው ብላ ጠየቀችኝ። ሱቁ በር ላይ ሐሰን ርክሻውን፣ ባጃጁን ማለቴ ነው፣ አቁሞ ሻይ ይጠጣል። ሐሰን እናቱ የጎንደር ሴት፣ አባቱ ሱዳናዊ፣ እሱ ራሱ የዴም ልጅ ነው። አማርኛውን ከእናቱ ወጥ ቤት ነው የለቀመው፤ አንቱታ የሚባል ነገር አልደረሰውም። ለእናቱም «አንተ» ነው፣ ለፖሊሱም «አንተ» ነው፣ አልነሳ ላለችው ርክሻም «አንተ» ነው።

አላውቅም ብል ምን ነበረበት? ስልክ ጠጋኝ ነኝ፤ ማንም በአላውቅም አይከሰኝም። ነገር ግን «ኡስታዝ» ብላ ነው የጠየቀችኝ፤ ሐሰንም ጆሮውን አቁሟል። የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ እንደሚገባ ትዝ አለኝና ነገርኳት። የሰው ስም ላይም አልኩ። ለምን? አለች። ይቺ «ለምን» ናት ያጠፋችኝ። ትንሽ ተከዝኩ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ሐሳብ አፌ ላይ መጣ።

«ሰዎች እንግሊዝኛ አንቱ የለውም ይላሉ፤ ውሸት ነው» አልኳት። «አንቱው ትልቁ ፊደል ነው።»

ከተናገርኩት በኋላ እኔንም ገረመኝ፤ እውነት መሰለኝ። ማስረጃውም ተግተለተለ። የፈጣሪ ስም በትልቁ ነው የሚጻፈው፣ ስለሚከበር። የንጉሥ ስም፣ የአገር ስም፣ ያው። ሐሰን ሰኞስ ለምን በትልቁ ይጻፋል አለኝ። ሥራ የሚገባበት ቀን ስለሆነ ይፈራል አልኩት። እዚህ እኮ ሥራ የሚገባው እሑድ ነው አለ። እሑድም በትልቁ ነው አልኩትና ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ሰዓዳ ግን ቀላል ሰው አይደለችም። «እኔ» የምትለዋስ፣ ያቺ ብቻዋን የምትቆመው «I»፣ ለምን ሁልጊዜ ትልቅ ሆነች አለችኝ። እዚህ ላይ አዋቂ ሰው ጥበቡን ሰብስቦ ይነሳል። እኔ ግን ባሰብኝ። እሱማ የእንግሊዞች ትዕቢት ነው፣ ራሱን አንቱ የሚል ሕዝብ ስለሆነ ነው የሰው አገር ሲገዛ የኖረው፣ አንቺ ግን ጨዋ ያሳደገሽ ልጅ ስለሆንሽ በትንሿ ጻፊያት አልኳት። ሐሰን ስለ እንግሊዞች አያቱ ያጫወቱት ነገር ስላለ «ወላሂ ሰሕ ነው»፣ ልክ ነው፣ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። የሰዓዳ ፊት በራ። ለካ እሷም ራሷን እንደዚያ ገትራ መጻፉ ሲያሳፍራት ኖሯል።

በዚያው ሞቅታ ሕጉን አወጣሁት። ለእኩያ ሁሉም ትንሽ። ለትልቅ ሰው የመጀመሪያዋ ፊደል ትልቅ። በጣም ለሚከበር ሰው፣ እንደ ዶክቶራ ላለ፣ ስለ እሷ የሚነገረው ሁሉ ከራስ እስከ እግሩ በትልቁ። የራስሽን ስም በትንሹ። ሐሰንም ተማሪዬ ሆነና በማግስቱ ርክሻው ጀርባ ላይ «MY MOTHER» ብሎ በትልቁ፣ ከሥሩ «hassan» ብሎ በትንሹ አስጻፈ። ሳየው ደረቴ ተነፋ፤ አሁን ሳስበው ደረቴ የት እንደገባ አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓርብ ሰዓዳ ግራ ገብቷት መጣች። ዶክቶራ «ለምን ትጮኺብኛለሽ?» ብላ ጽፋላታለች። ሰዓዳ ደግሞ ወጥ ቤት ቆማ ነው የጻፈችው፣ አፏን እንኳ አልከፈተችም። ነገሩን አዙሬ አየሁት፤ ዞሮ ዞሮ ሙያዬ ላይ አረፈ። የስልክሽ ድምፅ በዝቶ ይሆናል አልኳት። ጩኸት ሲባል አንድ ሞባይል ጠጋኝ ሌላ ምን ይታየዋል? ስልኳን ተቀብዬ ድምፁን ቀነስኩ፣ ከፍቼ ድምፅ ማጉያውን በብሩሽ ጠረግሁ፣ በአፌም እፍ አልኩበት። ምክርም ጨመርኩላት። ምናልባት አክብሮቱ አንሷት ይሆናል፣ ከስሟ ቀጥሎ ቃለ አጋኖ አድርጊላት፣ ቃለ አጋኖ በጽሑፍ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት ነው አልኳት። ፊት ለፊት ስትገናኙም ዝግ ብለሽ አነጋግሪያት አልኩ።

ታዛዥ ተማሪ አይስጣችሁ። ሰዓዳ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ መናገር ጀመረች፣ በስልክ ደግሞ ቃለ አጋኖውን ታዘንበው ጀመር። ዶክቶራ ግራ ተጋባች፤ ልጅቷ ፊቷ ስትቆም ድምፅ የላትም፣ ሆስፒታል ስትሄድ ጠብቃ ትጮህባታለች። ሁለት ሰው ነሽ እስከማለት ደረሰች። ሰዓዳም ይህን በሰማች ቁጥር ድምፇን ይበልጥ ቀነሰች፣ ፊደሉን አሳደገች።

ከዚያ ጉዱን ያመጣው መልእክት መጣ። ዶክቶራ ገና በእቅፍ ያለች ሪም የምትባል ልጅ አለቻት። ልጅቷ ምሳዋን በልታ ተኛች። ሰዓዳ ለዶክቶራ ምሳ ለማሞቅ መምጫዋን ማወቅ ፈለገችና እንዲህ ብላ ላከች፦

«MADAM! YOUR BABY SLEEP! WHEN YOU COME?! seada»

ልጅሽ ተኝታለች፣ መቼ ትመጫለሽ፣ ነው ነገሩ። ሰላም ነው፣ ፍቅር ነው፣ የሞቀ ምሳ ነው። ዶክቶራ ግን በሽተኛ እያየች ስልኳ ሲበራ ያየችው ሌላ ነው። ልጄ አልነቃ አለች ብላ ነጭ ጋዋኗን እንዳደረገች ከሆስፒታሉ ወጥታ ሮጠች፤ መንገድ ላይ ያገኘችው መኪና ውስጥ ገባች፤ ቤት ስትደርስ እየጮኸች ገባች። ሪም ደህና ተኝታ ነበር፤ የነቃችው በእናቷ ጩኸት ነው። ዶክቶራ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስታበቃ ለሰዓዳ ሌላ ቤት እንድትፈልግ ነገረቻት።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ሰዓዳ በሥራ ቀን ቦርሳዋን ይዛ ሱቄ በር ላይ ስትቆም ነው። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

«ኡስታዝ፣ እንዳሉኝ አከበርኳት» አለችኝ። «አባረረችኝ።»

የት ጋ እንደተሳሳትኩ እስከዚያች ሰዓት አልገባኝም ነበር፤ ግን ስህተቱ ከሱቄ ተነስቶ ጀብራ እንደደረሰ አወቅሁ። ፊቴ ጋለ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም፤ የተፈታ ስልክ እየገጠምኩ መስዬ ጎንበስ እንዳልኩ ሄጄ አነጋግራታለሁ አልኳት። ለሐሰን ርክሻውን እንዲያስነሳ ነገርኩት። መቼም ሰው ቤት ድንገት ዘው አይባልም፤ ስለዚህ ጨዋ ነኝና ቁጥሯን ከሰዓዳ ተቀብዬ አስቀድሜ ለዶክቶራ በስልኬ መልእክት ላክሁ። ለሐኪም የሚገባውን ክብር አንድም ሳላጎድል፦

«DOCTOR! TODAY i COME TO YOUR HOUSE! YOU WAIT ME!»

አዎ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። በራሴ እጅ።

መንገዱን ሁሉ የምናገረውን በዐረብኛ እያጠናሁ ሄድኩ። ሰዓዳ ከጎኔ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ሐሰን ብቻ «ማዓለሽ ያ ኡስታዝ፣ ይገባዋል፣ ዶክቶራ አዋቂ ሰውዬ ነው» እያለ ያጽናናኛል። እንደ ልማዱ ነው፣ ለሴቱም ለወንዱም ያለው አንድ ነው። ጀብራ ደርሰን ወደ በሩ ስንታጠፍ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ፊት ፊት ጀለቢያ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት፣ ሐጅ የሚሏቸው፣ ከዘራቸውን በመያዣው በኩል ሳይሆን በዘንጉ በኩል ጨብጠው ቆመዋል። ከርክሻው ወረድኩ።

«መጣሁ ጠብቂኝ እያልክ ሴት ላይ የምትጮኸው አንተ ነህ?» አሉኝ በዐረብኛ።

አይደለሁም ማለት ፈልጌ ሰላምታ ሰጠሁ፤ ከፍርሃት የተነሳ ድምፄ አልወጣም። አሁን ደግሞ ድምፅህ የት ገባ አሉኝ። ይህን ጊዜ ዶክቶራ ሪምን በአንድ እጇ አቅፋ በሌላው ስልኳን ይዛ ወጣች። እኔ እንደጠበቅኋት ቁጡ አልነበረችም፤ የፈራች ሴት ነበረች፤ ያስፈራኋት ደግሞ እኔ ነኝ። ስልኩን ፊቴ ላይ አድርጋ ይህን አንተ ነህ የጻፍከው አለችኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ልክ እንደጻፍከው ላንብብልህ አለችና አነበበችው። ስታነበው እየጮኸች ነው። «ዶክተር» ስትል ጮኸች፤ የእኔዋን ትንሿን «i» ብቻ በቀስታ አለፈቻትና «ጠብቂኝ» የምለው ላይ ደግሞ መንደሩን አናጋችው። ሪም ደንግጣ አለቀሰች።

«በእንግሊዝኛ ሁሉን በትልቁ መጻፍ መጮኽ ነው» አለችኝ። «ይህን ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ያን ያህል ሰው ፊት፣ ሐሰንም እየሰማ፣ «አላውቅም» አልኩ። በዚያ ዓርብ ሻይዬን ይዤ ለሰዓዳ ያቺኑ ቃል ብላት ኖሮ እዚህ ባልደረስን። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ፤ የጀብራ መሬት ደግሞ ደረቅ ነው፣ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ የተጠናው ንግግር ሁሉ ጠፋኝና እንዲያው እንደመጣልኝ ተናዘዝኩ። በእኛ ቋንቋ «አንቺ» የሚባል አለ አልኳት፤ ለእኩያ ነው፣ ለታናሽ ነው። ለትልቅ ሰው፣ ለምናከብረው ሰው ግን ሌላ «አንቺ» አለ፤ ብቻዋን ብትሆንም እንደ ብዙ ሰው አድርገን የምንጠራበት። ይህ ቃል በእንግሊዝኛ ቢጠፋኝ በትልቁ ፊደል ውስጥ ያገኘሁት መሰለኝ፤ ለልጅቷ እኔ ነኝ ያስተማርኳት፣ እሷ አልጮኸችም፣ የጮኽኩት እኔ ነኝ፣ አልኳት። ሐጅ ከዘራቸውን ወደ መሬት አወረዱ። ዶክቶራ ስልኳን ወደ ላይ እየጎተተች የድሮዎቹን መልእክቶች ማንበብ ጀመረች። ወተቱ ማለቁን፣ የልብሱን መድረቅ፣ የሪምን ጥርስ መውጣት፣ ሁሉንም። አሁን ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ትንሽ ቆይታ ወደ ሰዓዳ ዞረችና የራስሽን ስም ለምን ሁልጊዜ በትንሹ ትጽፊያለሽ አለቻት።

ሰዓዳ መሬት መሬቱን እያየች፣ በዐረብኛው ቢያቅታት በአማርኛ መለሰች።

«ሰው ራሱን አንቱ ይላል?»

ተረጎምኩት። እንደዚያን ቀን በትክክል የተረጎምኩት ነገር የለም።  እኔ ደግሞ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ስልክ ፊቴ ከቀረበ ዓይኔ አያርፍም፤ ከመልእክቱ በላይ፣ የላኪው ስም የሚቆምበት ቦታ ላይ ዓይኔ ሄደ። ሰዓዳ የሚል የለም። በእንግሊዝኛ፣ በትንሹ ፊደል፣ «maid» ነው የሚለው። ሠራተኛ። ዶክቶራ እንዳየሁ አየችኝ። አውራ ጣቷን አምጥታ ቦታውን ሸፈነችው፤ ፊቷ እንደ እኔው ፊት ሲግል አየሁ። ስለ እሱ ማናችንም አልተናገርንም።

ሪምን ለሰዓዳ አቀበለቻት። ሪም ጸጥ አለች። ቦርሳሽን ወደ ውስጥ አስገቢ አለቻት።

ያላለቀው የእኔ ቅጣት ነበር። ዶክቶራ ውኃ ካስቀረበችልኝ በኋላ ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር አስቀምጣ፣ ሐጅና ሐሰን ባሉበት፣ ሕጉን አንድ በአንድ አስተማረችኝ። የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ፣ የሰውና የአገር ስም፣ የቀንና የወር ስም፣ ብቻዋን የምትቆመዋ «እኔ» ምንጊዜም፤ ሌላው በትንሹ፤ «አንቺ» የምትለዋም መሀል ላይ ከገባች በትንሹ። እንደ ተማሪ ከኋላዋ ደገምኩ። ሐጅ ደግሞ ስልክ እንደምጠግን ሲሰሙ የእሳቸው ስልክ ድምፁ አይሰማም ብለው ከጀለቢያቸው አወጡልኝ። ድምፅ ማጉያውን ጠረግሁላቸው፤ ቢያንስ አንድ ነገር በትክክል ጮኸ።

ሐሰን ወሬውን ከእኔ ቀድሞ ዴም አደረሰው። እንግዲህ ስሜ ተሻሻለ፤ «ኡስታዝ ካቢታል» ሆኛለሁ፤ ትልቁ ፊደል ማለት ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰው ጮክ ብሎ ሲያወራ «ኧረ በትንሹ ጻፍ» ይሉታል፣ ወደ እኔ እያዩ። አልመልስም። ስጠራም ጎንበስ ብዬ ብሎን እፈልጋለሁ። ሐሰንን የርክሻውን ጀርባ እንዲያስተካክል፣ እናቱ ላይ እየጮኸ እንደሚዞር ነገርኩት፤ እናቱ ጆሮዋ ስለከበደ ይሁን ብሎ ተወው።

ባለፈው ዓርብ ሰዓዳ መጣች። ኢቃማዋ ታድሶ በቦርሳዋ ነው፤ አውጥታ አሳየችኝ፤ ስሟ በትልቁ ተጽፏል። አሁን «እኔ» የምትለዋን በትልቁ ትጽፋለች፤ በጻፈቻት ቁጥር ግን ሰው አየኝ አላየኝ እያለች እንደምትዞር ነገረችኝ። ከዚያ ስልኳን ከፍታ ወደ እኔ ገፋችው። ከዶክቶራ የመጣ ነው፤ ሪም ታማ ሌሊቱን አብረው ሲያስታምሟት አድረው በማግስቱ ከሆስፒታል የላከችላት።

«Thank You, Seada.»

«ኡስታዝ» አለችኝ ድምፇን ዝቅ አድርጋ፣ «መሀል ላይ ያለችው በትንሹ ናት አላሉኝም ነበር? ተሳስታ ነው?»

ደግሜ አነበብኩት። ያን ቀን ዛፉ ሥር እየቆጠረች ያስተማረችኝ ሴትዮ ናት፤ ሕጉን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። 

«አዎ፣ ስህተት ነው» አልኳት። «እንዳታርሚያት።»

ስልኩን መለስኩላት። በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከኢቃማዋ ጎን አስቀመጠችውና የጀብራው ሐፍላ፣ አውቶቡሱ፣ ሳያመልጣት ብላ ተነሳች።